በአዳር የተከፈለ ትምህርት

የነርስ ማሠልጠኛ የሒሳብ መዝገብ ከሌላ ትምህርት ቤት መዝገብ የሚለይበት አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። የሕግ ተማሪ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ ለማንም ተከራክሮ ገንዘብ አያስገባም፣ የምህንድስና ተማሪም ድልድይ ሠርቶ አያስረክብም፤ የነርስ ተማሪ ግን ሙያውን የምትለምደው በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቆማ በመሆኑ፣ ገና ተማሪ ሳለች ሆስፒታሉ ለሕዝብ የሚሰጠውን አገልግሎት በእጇ ትሠራለች፤ ሙቀት ትለካለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ ተረኛ ሆና ታድራለች። «ይህን ሥልጠና ማን ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ ለረጅም ዘመን መልስ ሲያገኝ የኖረውም በዚሁ በኩል ነው፦ ተማሪዋ ራሷ ትክፈል፣ የምትከፍለውም ጉልበቷን ይሁን። ይህ አከፋፈል በእንግሊዝና በአሜሪካ እንዴት እንደተመሠረተ፣ ማን እንደተጠቀመበት፣ ሊያፈርሱት የተነሡት ሰዎችስ ምትኩን ገንዘብ ከየት እንዳመጡ መከታተል የዘመናዊ ነርስነትን ታሪክ በገንዘብ ቤቱ በር ገብቶ እንደማየት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር በአመዛኙ የሃይማኖት ማኅበራት አሠራር ነበር። በጀርመን አገር ካይዘርስቨርት በምትባል ከተማ ፓስተር ቴዎዶር ፍሊድነርና ባለቤቱ ፍሪዴሪከ በ1836 ያቋቋሙት የዲያቆናዊቶች ቤት፣ ሳይመነኩሱ ነገር ግን ሳያገቡ በአንድነት የሚኖሩ ፕሮቴስታንት ሴቶችን በሕሙማን አገልግሎት ያሠለጥን ነበር። ዲያቆናዊቷ ደመወዝ የላትም፤ ከኪስ ገንዘብ በቀር በእጇ የሚገባ ነገር አልነበረም፤ በምትኩ «እናት ቤት» የሚባለው ማኅበር ያለብሳታል፣ ይመግባታል፣ ስትታመምና ስታረጅ ይጦራታል። በዚህ ሥርዓት የሥልጠናው ዋጋ ለብቻው ተቆጥሮ አያውቅም፤ የዕድሜ ልክ አገልግሎትና የዕድሜ ልክ ጡረታ እርስ በርስ ተቻችለው ያልፋሉ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1851 ለሦስት ወራት የተማረችው በዚሁ ቤት ነበር፤ በኋላ እሷ በዘረጋችው አሠራር ውስጥ ግን ጡረታውም እናት ቤቱም አልነበሩም።

የናይቲንጌል ትምህርት ቤት ገንዘብ የተገኘው ከጦርነት ስሜት ነው። የክራይሚያ ጦርነት ገና ሳያልቅ፣ እሷም በኢስታንቡል ማዶ በስኩታሪ ሆስፒታል ሳለች፣ በኅዳር 1855 በለንደን የተሰበሰቡ ሹማምንትና ባለጸጎች ለክብሯ መዋጮ እንዲሰበሰብ ወሰኑ፤ የጦር ሚኒስትር የነበረው ሲድኒ ኸርበርት ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሆነ። ለዝነኛ ሴት የወርቅ አምባር ወይም ሐውልት መስጠት የተለመደ በነበረበት ጊዜ ገንዘቡ ለነርሶች ማሠልጠኛ እንዲውል መታሰቡ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። ወታደሮቹ የአንድ ቀን ደመወዛቸውን ሲያዋጡ ከእነሱ ብቻ ወደ 9,000 ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ተገኘ፤ ስዊድናዊቷ ዘፋኝ ጄኒ ሊንድ በ1856 ባዘጋጀችው ኮንሰርት ደግሞ ወደ 2,000 ፓውንድ የሚጠጋ ተጨመረበት፤ ድምሩ ከ44,000 ፓውንድ በላይ ሆነ። ገንዘቡ ግን ለሕንፃ አልወጣም። ዋናው ሳይነካ በአክሲዮንና በቦንድ ተቀምጦ ወለዱ ብቻ እንዲሠራበት ተደረገ፤ ይህም «ቋሚ ፈንድ» የሚባለው አሠራር ነው፤ ዓመታዊው ወለድ ወደ 1,400 ፓውንድ ይደርስ ነበር።

የማሠልጠኛው በር የተከፈተው በ1860 አጋማሽ በለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል፣ በአሥራ አምስት ተማሪዎች ነው። ተማሪዋ «ፕሮቤሽነር» ትባል ነበር፤ በሙከራ ላይ ያለች ማለት ነው። የገባችበት ውል ከዛሬው ዓይን ሲታይ የትምህርትም የቅጥርም ውል ነበር፦ በሥልጠናው ዓመት ፈንዱ ማደሪያዋን፣ ምግቧን፣ ሻይና ስኳሯን፣ የልብስ አጠባዋንና የደንብ ልብሷን ይችላል፣ ከዚያም በላይ ለዓመቱ 10 ፓውንድ ይሰጣታል፤ እሷ በበኩሏ በዋርዶቹ ውስጥ የረዳት ነርስ ሥራ ትሠራለች፣ ዓመቱን ስትጨርስ ደግሞ ፈንዱ በመደባት ሆስፒታል ለተጨማሪ ሦስት ዓመታት ለማገልገል ትገደዳለች። የሆስፒታሉ ሜትሮን፣ ማለትም የነርሶች ሁሉ አለቃ የነበሩት ወይዘሮ ሣራ ዋርድሮፐር ከፈንዱ ተጨማሪ ክፍያ ያገኙ ነበር፤ ትምህርት እንዲሰጥ የተቀጠረው የሆስፒታሉ ነዋሪ ሐኪም ዊትፊልድም እንደዚሁ።

ስለ ተማሪዋ በየወሩ የሚሞላው ቅጽ የውሉን ባሕርይ ከውሉ ራሱ ይልቅ ያሳያል። የቅጹ አንድ ወገን ጠባይን ይመዝናል፤ ሰዓት አክባሪነት፣ ጸጥተኛነት፣ ታማኝነት፣ የግል ንጽሕና፣ የዋርድ አያያዝ። ሌላው ወገን ሙያን ይመዝናል፤ ቁስል ማሰር፣ አልቅት ማጣበቅ፣ የሆድ እጥበት፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ለሕመምተኛ ምግብ ማብሰል፣ የሕመምተኛን ሁኔታ ተመልክቶ ማስረዳት። ከእያንዳንዱ አርእስት ፊት ለፊት ከ«እጅግ መልካም» ጀምሮ እስከ ዜሮ የሚወርድ ማዕረግ ይሞላል። ቅጹን የሚያነብ ሰው በየመሥመሩ የሚያገኘው ዋርዱ የሚፈልገውን ሠራተኛ ነው፤ ተማሪዋ ምን ያህል ሰዓት ትምህርት እንደተሰጣት የሚጠይቅ አርእስት በዚያ ወገን የለም።

ይህ ጉድለት ብዙ ሳይቆይ ዋጋ አስከፈለ። በ1871 ሆስፒታሉ በቴምዝ ወንዝ ዳር ላምቤዝ ላይ ወደተሠራለት አዲስ ሕንፃ ሲዛወርና አልጋዎቹ ሲበዙ ናይቲንጌል የትምህርት ቤቱን ጉዳይ በቅርብ መረመረች፤ ያገኘችው ዊትፊልድ ትምህርት መስጠቱን ከተወ መቆየቱን፣ ተማሪዎቹም የዋርዱን ጉድለት መሙያ ሆነው መኖራቸውን ነበር። ሐኪሙ ተነሥቶ ጆን ክሮፍት የተባለ ቀዶ ሐኪም በ1873 ተተካ፤ ተማሪዎቹም በማስታወሻ የታገዘ ትምህርት ማግኘት ጀመሩ። የፈንዱን ሰነዶች ያጠናችው የታሪክ ጸሐፊ ሞኒካ ቤሊ በ1980ዎቹ እንዳሳየችው፣ የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት በኋላ ከተነገረላቸው ዝና እጅግ የራቁ ነበሩ። ገንዘቡን የያዘው ፈንዱ ቢሆንም ተማሪዎቹን በየቀኑ የሚያዘው ሆስፒታሉ ነበር፤ ከፋዩ ሩቅ፣ አዛዡ ቅርብ ሲሆን ደግሞ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ቅርቡ ነው።

ፈንዱ ራሱ ሌላ የገቢ ምንጭ አላጣም። ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከተሻለ ቤተሰብ የመጡና የምግብና የማደሪያ ወጪያቸውን ራሳቸው የሚችሉ «ልዩ ፕሮቤሽነሮች» መቀበል ተጀመረ፤ እነሱም ወደፊት ሜትሮንና የማሠልጠኛ ኃላፊ እንዲሆኑ የሚታጩ ነበሩ። በሌሎች የለንደን ሆስፒታሎችም በሳምንት አንድ ጊኒ፣ ማለትም አንድ ፓውንድና አንድ ሺሊንግ የምትከፍል ተማሪ የተለመደች ሆነች። አንዲቱ እየተከፈላት፣ ሌላዋ እየከፈለች በአንድ ዋርድ ውስጥ አንድ ዓይነት ሥራ መሥራታቸው የሙያው ዋጋ ምን ያህል ያልተወሰነ እንደነበር ይመሰክራል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለጠቅላላው ታሪክ ወሳኝ ነው። የናይቲንጌል አሠራር በዓለም ሲዛመት ሌሎች ሆስፒታሎች ውሉን ገለበጡ እንጂ ፈንዱን አልገለበጡም፤ ሊገለብጡም አይችሉም ነበር፣ የክራይሚያን ጦርነት የሚያህል የስሜት ማዕበል በየከተማው አይነሣምና። ስለዚህ በሴንት ቶማስ ቢያንስ በመርሕ ደረጃ ወለዱ ይሸፍን የነበረውን ወጪ በሌላ ቦታ የሚሸፍነው የተማሪዋ ጉልበት ብቻ ሆነ።

በአሜሪካ ይህ ለውጥ የታየው በፍጥነት ነው። በ1873 በኒውዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል፣ በኒው ሄቨንና በቦስተን ሦስት ማሠልጠኛዎች በናይቲንጌል ሐሳብ ተከፈቱ። መጀመሪያ ላይ ያቋቋሟቸው ከሆስፒታሉ ውጭ የነበሩ የበጎ አድራጊ ሴቶች ኮሚቴዎች ነበሩ፤ የራሳቸው ቋሚ ገንዘብ ስላልነበራቸው ግን ተማሪዎቻቸውን ለሆስፒታሉ ሥራ በማቅረብ መኖር ነበረባቸው፤ ጊዜው እየገፋ ሲሄድም ትምህርት ቤቶቹ በሆስፒታሎቹ ተዋጡ። ሆስፒታሎቹ የተረዱት ነገር ቀላል ነበር፤ የቀዶ ሕክምና ከጀርም መከላከያ ዘዴዎች ጋር እየተስፋፋ፣ ከፍለው የሚታከሙ ሰዎችም ወደ ሆስፒታል መተኛትን እየለመዱ በመጡበት ወቅት ብዙ እጅ ያስፈልግ ነበር፣ ማሠልጠኛ የከፈተ ሆስፒታል ደግሞ ያንን እጅ ያለ ደመወዝ ያገኛል። በ1880 በአገሪቱ 15 ማሠልጠኛዎችና 323 ተማሪዎች ነበሩ፤ በ1900 ማሠልጠኛዎቹ 432፣ ተማሪዎቹም 11,164 ደረሱ፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ የማሠልጠኛዎቹ ቁጥር ከ2,000 በላይ ሆነ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጥቂት ደርዘን አልጋ ብቻ ያላቸው ትናንሽ ሆስፒታሎች ነበሩ፤ የሚያስተምሩት ትምህርት ባይኖራቸውም የሚያሠሩት ሥራ ነበራቸው።

የአንዲት ተማሪ ቀን ሲታይ የአከፋፈሉ ስሌት በግልጽ ይነበባል። ሥራው ማለዳ ይጀመራል፤ በቀን ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ሰዓት መሥራት የተለመደ ነው፤ ወለል መወልወል፣ የናስ ዕቃ መፈግፈግ፣ የታጠበ ፋሻ መጠቅለል፣ የምግብ ትሪ ማመላለስ ከሕመምተኛ እንክብካቤ እኩል የሥልጠናው ክፍል ይባላሉ። ትምህርቱ የሚሰጠው ማታ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ የአዳር ተረኛ የሆነች ተማሪ ወይ ትምህርቱን ትተወዋለች፣ ወይ ከመኝታዋ ተነሥታ ትሰማዋለች። በወር የሚሰጣት ጥቂት ዶላር በሆስፒታሉ አነጋገር ደመወዝ አይባልም፤ «የመጽሐፍና የደንብ ልብስ» ይባላል። ሥልጠናው ከአንድ ዓመት ወደ ሁለት፣ ከሁለትም ወደ ሦስት ሲረዝም ለትምህርቱ ተብሎ ነው ቢባልም፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ማለት ሙያውን ጨርሳ የለመደች፣ ነገር ግን የነርስ ደመወዝ የማይከፈላት ሠራተኛ ማለት መሆኑን ሆስፒታሎቹ አልሳቱትም። ከዚህ የሚብስም ነበር፦ አንዳንድ ሆስፒታሎች ከፍ ያለ ክፍል የደረሱ ተማሪዎችን ወደ ሀብታሞች ቤት ለግል ማስታመም እየላኩ ክፍያውን ራሳቸው ይቀበሉ ነበር።

ተማሪዋ በተመረቀችበት ማግሥት ደግሞ ሆስፒታሉ አይፈልጋትም። ቦታዋን አዲስ ገቢ ተማሪ ስለምትይዘው፣ ማሠልጠኛ ያላቸው ሆስፒታሎች አብዛኞቹ ለዋርድ ሥራ የተመረቀች ነርስ አይቀጥሩም ነበር፤ ምሩቋ ዕድሏን የምትሞክረው በየግለሰቡ ቤት እየተጠራች በማስታመም ነው። በዚህ መልክ በየዓመቱ በሺዎች የሚመረቁት ነርሶች ገበያውን አጥለቀለቁት። በ1928 የወጣውና ሜይ ኤርስ በርጀስ የመራችው የማሠልጠኛዎች ደረጃ መዳቢ ኮሚቴ ጥናት ርእሱ ራሱ ነርሶችን፣ ሕሙማንንና የገንዘብ ቦርሳን አንድ ላይ ያነሣ ነበር፤ ያሳየውም ሆስፒታሎች ማሠልጠኛ የሚከፍቱት አገሪቱ ስንት ነርስ እንደምትፈልግ አስልተው ሳይሆን ዋርዳቸው ስንት ሠራተኛ እንደጎደለው ቆጥረው መሆኑን ነው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ይኸው ስሌት ተገለበጠ፤ ሥራ ያጡ ምሩቃን በዝቅተኛ ደመወዝ፣ አንዳንድ ቦታም ለምግብና ለማደሪያ ብቻ ለመሥራት ፈቃደኞች ስለሆኑ ለብዙ ትናንሽ ሆስፒታሎች ማሠልጠኛን ከማቆየት ምሩቅ መቅጠር ረከሰ፤ ማሠልጠኛዎቹም በመቶዎች ተዘጉ። የመጀመሪያዎቹ ከተከፈቱ ከስድሳ ዓመት በኋላ እንኳ ማሠልጠኛ ሲከፈትም ሲዘጋም ምክንያቱ የዋርዱ ወጪ እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አይገኝም።

አሠራሩን የሚቃወሙ ድምፆች ከነርሶቹ አለቆች ከራሳቸው ነበር የተነሡት። አደላይድ ነቲንግ በ1907 በኒውዮርክ ቲቸርስ ኮሌጅ በዓለም የመጀመሪያዋ የነርስነት ፕሮፌሰር ሆነች፤ ነርሶች በኮሌጁ ከ1899 ጀምሮ ይማሩበት የነበረው ኮርስ ስሙ «የሆስፒታል ኢኮኖሚክስ» መሆኑ ለዚህ ታሪክ የሚስማማ ገጠመኝ ነው። ነቲንግ ደጋግማ የጠየቀችው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ሕክምና፣ ሕግና ሥነ መለኮት ቋሚ ፈንድ ሲኖራቸው የነርስ ትምህርት ለምን ከተማሪዎቹ ጉልበት በሚገኝ ትርፍ ይኖራል? በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ የተካሄደውና በጆሰፊን ጎልድማርክ የተጻፈው የ1923 ታላቅ ጥናት የተማሪዎችን ውሎ በየሰዓቱ እየመዘነ ያንኑ አረጋገጠ፤ ማሠልጠኛ ከሆስፒታሉ የተለየ የራሱ በጀት ሊኖረው እንደሚገባም ሐሳብ አቀረበ።

ሐሳቡ ገንዘብ ያገኘው በሁለት ቦታ ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ በዚያው በ1923 በሮክፌለር ድጎማ የነርስ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዲኗ አኒ ጉድሪች ነበረች፤ በ1929ም አንድ ሚሊዮን ዶላር ቋሚ ፈንድ ተሰጠው። በኦሃዮ ክሊቭላንድ ደግሞ ፍራንሲስ ፔይን ቦልተን የተባለች ባለጸጋ ለዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ 500,000 ዶላር ሰጠች። ቦልተን በወጣትነቷ ከጎብኚ ነርሶች ጋር የድሆችን ቤት እየዞረች ያየች ሴት ነበረች፤ ነርስ ግን አልነበረችም። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በጥራታቸው ተመሰገኑ። ይሁንና ከ2,000 በላይ ማሠልጠኛ ባለበት አገር ሁለት ወይም ሦስት ትምህርት ቤቶች ቋሚ ፈንድ ማግኘታቸው አሠራሩን አልነቀነቀውም፤ በጎ አድራጎት አብነት ማሳየት ይችል እንደሆነ እንጂ የሕዝብን ጉዳይ በሙሉ መሸከም እንደማይችል ቦልተን ራሷ ከማንም ቀድማ የተረዳችው ይመስላል። የኋላ ሥራዋም ይህንኑ ያሳያል።

ባሏ በ1939 ሲሞት ቦልተን ወንበሩን ተክታ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆነች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነርሶችን ወደ ሠራዊቱ ሲስባቸው የሲቪል ሆስፒታሎች ዋርዶች ባዶ መቅረት ጀመሩ፤ በ1943 በስሟ የሚጠራው ሕግ ጸደቀ። ሕጉ ያቋቋመው የካዴት ነርሶች ጓድ የሚተዳደረው በሕዝብ ጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሲሆን ዳይሬክተሯ ሉሲል ፔትሪ ነበረች። መንግሥት ለእያንዳንዷ ካዴት የትምህርት ክፍያዋን፣ መጽሐፏንና የደንብ ልብሷን ለትምህርት ቤቱ ይከፍላል፤ ለእሷም በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ወራት በወር 15 ዶላር፣ ከዚያም 20 ዶላር የኪስ ገንዘብ ይሰጣል፤ በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ደግሞ የምትሠራበት ሆስፒታል ከ30 ዶላር የማያንስ ይከፍላታል። ሥልጠናው ከ36 ወር ወደ 30 ወር ታጠረ። ካዴቷ በበኩሏ የምትፈርመው ቃል ኪዳን ጦርነቱ እስኪያበቃ በሠራዊቱም ይሁን በሲቪል ሆስፒታል በነርስነት እንደምታገለግል ነው። የጓዱ ግራጫ ካፖርት፣ ቀይ የትከሻ ምልክቱና ቤሬት ቆቡ በፖስተርና በሲኒማ ተዋወቁ፤ ሕጉ በዘርና በቀለም ልዩነት እንዳይደረግ ስለደነገገ ወደ 3,000 የሚሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶችም በዚሁ መንገድ ነርስ ሆኑ።

በአገሪቱ ከነበሩት 1,300 ያህል ማሠልጠኛዎች 1,125ቱ በፕሮግራሙ ገቡ፤ 179,000 የሚያህሉ ሴቶች ተመዝግበው ከ124,000 በላይ ተመረቁ፤ እስከ 1948 የወጣው ገንዘብ ከ160 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ከቁጥሮቹ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ገንዘቡ በመዝገብ አያያዝ ላይ ያደረገው ለውጥ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ከዋሽንግተን ክፍያ ለመጠየቅ የትምህርቱን ወጪና የተማሪዋን መኖሪያ ወጪ ለይተው ማቅረብ ነበረባቸው፤ ለሰባ ዓመታት ከሆስፒታሉ የቀለብና የሳሙና ወጪ ጋር ተቀላቅሎ የኖረው ሒሳብ ለብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠለ። ጉልበቱ ግን አልተነጠለም። በ1945 በአሜሪካ ሲቪል ሆስፒታሎች ከሚሰጠው የነርስ አገልግሎት ወደ 80 በመቶ የሚሆነውን የሚሸፍኑት ተማሪዎች ነበሩ፤ ስለዚህ ግምጃ ቤቱ ትምህርቱን ሲገዛ ሆስፒታሉ ያለ ዋጋ የሚያገኘው ሥራ በእጁ ቀረ ማለት ይቻላል።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ትልቅ ለውጥ ተማሪዋን ከሆስፒታሉ አውጥቶ ወደ ኮሌጅ መውሰዱ ነው። ሚልድሬድ ሞንታግ በ1951 ባቀረበችው የዶክትሬት ጽሑፍ ነርስ በሁለት ዓመት፣ በኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የአካባቢው ሕዝብ በግብር በሚደግፈው አነስተኛ ኮሌጅ ልትሠለጥን ትችላለች ስትል ሐሳብ አቀረበች፤ በተከታዩ ዓመት በጥቂት ኮሌጆች የተጀመረው ሙከራ ተሳክቶ በመላው አገሪቱ ተስፋፋ። ይህ የትምህርቱን ወጪ በተማሪዋ፣ በክፍለ ግዛቱና በፌዴራል መንግሥት መካከል አከፋፈለው፤ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1964 የፈረሙት የነርስ ሥልጠና ሕግ ለሕንፃ፣ ለብድርና ለስኮላርሺፕ ገንዘብ መደበ። ተማሪዋ ሠራተኛ መሆኗ ሲቀር ግን ቀድሞ ያልታየ ዋጋ ብቅ አለ፤ በዋርድ ውስጥ አንድ አስተማሪ በአንድ ጊዜ ሊከታተል የሚችለው ስምንት ወይም ዐሥር ተማሪ ብቻ ስለሆነ ለነርስ ትምህርት የሚወጣው የአስተማሪ ደመወዝ በአዳራሽ ለሁለት መቶ ሰው ከሚሰጥ ትምህርት ጋር አይወዳደርም። አስተማሪ ለመሆን የሚያስፈልገው የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ዲግሪ ያላት ነርስ ደግሞ በሆስፒታል የተሻለ ይከፈላታል። በአሜሪካ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መስፈርቱን ያሟሉ ማመልከቻዎች በአስተማሪና በተግባር መለማመጃ ቦታ እጥረት ውድቅ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግሊዝ ይህን መንገድ ዘግይታ ሄደችበት። የ1947ቱ የዉድ ሪፖርት ተማሪዋ እንደ ተማሪ እንጂ እንደ ሠራተኛ እንዳትቆጠር ቢመክርም የብሔራዊ ጤና አገልግሎት በደመወዝ እያሠራት ቆየ፤ በ1986 የቀረበው «ፕሮጀክት 2000» የተባለው ዕቅድ ትምህርቱን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት አዛወረ፣ የመንግሥት የኪስ ድጎማም ተሰጠ፤ በ2017 ድጎማው በእንግሊዝ ተነሥቶ በብድር ሲተካ አመልካቾች ቀነሱ፤ በ2020 በዓመት ቢያንስ 5,000 ፓውንድ ተመልሶ መሰጠት ጀመረ።

ይህ ታሪክ ወደ ኢትዮጵያ የተሻገረበት መንገድ ከናይቲንጌል ከተማ ይነሣል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው በ1939 የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ፤ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም በነሐሴ 1942 በወለጋ፣ ነቀምት፣ በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ በተቋቋመው የመዋጮ ኮሚቴ ሲልቪያ ፓንክረስት ዋና ደካሚ ነበረች፤ ሆስፒታሉም በ1951 በአዲስ አበባ ተከፍቶ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። ሁለቱ መዋጮዎች በስሜታቸው ይመሳሰላሉ፤ በአወጣጣቸው ግን ይለያያሉ። የናይቲንጌል ገንዘብ በወለድ ተቀምጦ በየዓመቱ ሰው ሲያሠለጥን፣ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ መዋጮ በዋናነት ለግንባታና ለመሣሪያ የዋለ ነበር፤ ሕንፃ ደግሞ ለመቆም አንድ ጊዜ፣ ለመሥራት ግን በየዓመቱ ገንዘብ ይጠይቃል።

በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሌላ ዓይነት ስሌት ይዞ መጣ። ወጪው ለአራት ተከፈለ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና «ፖይንት ፎር» ይባል የነበረው የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ እያንዳንዳቸው በገንዘብ፣ በመምህራንና በመሣሪያ ድርሻቸውን አዋጡ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ ሳኒታሪያኖችንና ኮሚኒቲ ነርሶችን በአንድነት ሲያሠለጥን የታሰበው ተመራቂዎቹ እንደ ቡድን ሆነው በየአውራጃው ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ነበር። እስከዚያ ድረስ በገጠር የሕክምናውን ሥራ በአብዛኛው የሚሸከመው ድሬሰር ነበር፤ ድሬሰር ማለት በሆስፒታል ውስጥ ሐኪም እየተከተለ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት የለመደ ሠራተኛ ሲሆን፣ እሱም የተማረው እንደ ለንደንዋ ፕሮቤሽነር ጉልበቱን እየከፈለ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ጎንደር ትምህርቱን ከዋርድ ጉልበት ሲያላቅቅ ከእርዳታ ጋር አቆራኘው፤ የውጭው አስተማሪ ውል ሲያልቅ ደመወዙን የሚተካ የአገር በጀት ማግኘት ለሁሉም እንዲህ ዓይነት ተቋም የማይቀር ጉዳይ ሆነ።

በ2003 የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለሆነች ነርስ ሒሳቡን ወደ ወደፊት ደመወዟ አሸጋገረው፤ ተማሪዋ ውል ትፈርማለች፣ ከተመረቀች በኋላም ከወር ደመወዟ ቢያንስ ዐሥር በመቶ እየተቆረጠ ድርሻዋ ይከፈላል፣ ወይም ግዴታውን በአገልግሎት ትወጣለች። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተበራከቱት የግል ጤና ኮሌጆች ደግሞ ከፋዩ ቤተሰብ ነው። የግል ኮሌጁ ክፍልና መምህር ሊኖረው ይችላል፣ የራሱ ሆስፒታል ግን በአብዛኛው የለውም፤ «ፕራክቲስ» የሚወጡት ተማሪዎቹ የሚለማመዱት የሕዝብ ገንዘብ በሚያንቀሳቅሰው ዋርድ፣ ሌላ ሥራ በያዙ ነርሶች እጅ ነው። የዚህ ድርሻ ዋጋ በወላጅ ደረሰኝ ላይ አይታይም።

የሞንታግ የሁለት ዓመት ኮሌጅም ሳታስበው ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች በር ሆኗል። በዋሽንግተን ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩት ብዙዎቹ የሄዱበት መንገድ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ጥቂት ሳምንታት በሚፈጅ ሥልጠና «ሲኤንኤ»፣ ማለትም የነርስ ረዳት ሆኖ በነርሲንግ ሆም መቀጠር፣ ከዚያ በኮሚኒቲ ኮሌጅ የሳይንስ ኮርሶችን አንድ በአንድ መጨረስ፣ በመጨረሻ የነርስ ፕሮግራሙን ገብቶ «ኤንክሌክስ» የሚባለውን የፈቃድ ፈተና ማለፍ። የክፍያው ምንጭ በአብዛኛው የአዳር ሥራ ነው፤ በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ማታ በዐሥራ አንድ ሰዓት ገብታ ጧት በሰባት የምትወጣ ረዳት፣ የደንብ ልብሷን ሳትቀይር የዘጠኝ ሰዓቱ ክፍል ትደርሳለች። የምትሠራበት ሆስፒታል የትምህርት ክፍያዋን የሚመልስላት ከሆነ ደግሞ የሚያስፈርማት ወረቀት አለ፤ ከተመረቀች በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት በዚያው ሆስፒታል በነርስነት እንደምትሠራ፣ ጊዜው ሳይደርስ ብትለቅ የቀረውን እንደምትከፍል የሚል።